«ራን»፦ የአንዲት አጭር ግስ የአራት መቶ ዓመት ታሪክ

እንግሊዝኛ መማር የጀመረ ልጅ ቀድሞ ከሚሸመድዳቸው ግሶች አንዷ «ራን» ናት። በሦስት ፊደል ትጻፋለች። «ሮጠ ማለት ነው» ይሉታል፤ እሱም ያንን ይዞ ይሄዳል። ጥቂት ቆይቶ ነገሩ ይደበላለቅበታል። እንግሊዛዊው ወንዝ ሲፈስ «ራን» ይላል። ማሽን ሲሠራ፣ ጨርቅ ሲታጠብ ቀለም ሲለቅ፣ አውቶቡስ በመስመሩ ሲመላለስ፣ ሰው ለምርጫ ሲወዳደር፣ ነጋዴ ሱቁን ሲያስተዳድር፣ ጋዜጣ ዜና ሲያወጣ፣ ሁሉም «ራን» ነው። አማርኛ ለእያንዳንዱ የየራሱን ግስ ሲመድብ እንግሊዝኛ ሁሉንም በአንዲት ቃል ጫንቃ ላይ ጭኗል። ይህች ቃል በመጀመሪያው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት «ማን የማያውቃት አለ?» ተብላ ሳትጻፍ የቀረች ናት። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ግን አንድ ሊቅ ዘጠኝ ወር ሙሉ በእርሷ ላይ ተቀመጠ። በመካከሉ የሆነው እንዲህ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሏ ከመዝገቦቹ ሁሉ ትበልጣለች። በ5ኛው መቶ ዘመን ባሕር ተሻግረው ብሪታንያ የገቡት አንግሎችና ሳክሶኖች ይዘዋት መጡ። ያን ጊዜም ሥራዋ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ለእግርም ለውሃም ታገለግል ነበር። በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ያዘና ቤተ መንግሥቱና ፍርድ ቤቱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆኑ። ቤተ ክህነቱና የሊቃውንቱ መንደር ቀድሞም ላቲን ነበሩ። የገበሬው እንግሊዝኛ ግን አልሞተም። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ተመልሶ ወደ አደባባይ ሲወጣ፣ ለአንድ ነገር ሁለትና ሦስት ስም ይዞ ወጣ።

«ጠየቀ» ለሚለው ሐሳብ የድሮው «አስክ»፣ ከፈረንሳይ የመጣው «ኩዌስችን» እና ከላቲን የመጣው «ኢንተሮጌት» ጎን ለጎን ቆሙ። ሦስቱም መጠየቅ ናቸው። በ«አስክ» የሚጠይቅህ ግን ጎረቤትህ ነው፤ በ«ኢንተሮጌት» የሚጠይቅህ መርማሪ ፖሊስ ነው። በረት ውስጥ «ኦክስ» የነበረው በሬም ጌታው ገበታ ላይ ሲቀርብ «ቢፍ» ተባለ። እንግሊዝኛ የተመሳሳይ ቃላት ሀብታም የሆነው በዚህ መንገድ ነው። እንደ «ራን» እና «ሰት» ያሉት አጫጭር የቤት ግሶች ግን እንግዶቹ ሲመጡባቸው አልተፈናቀሉም። እንዲያውም በየዘመኑ አዲስ ሥራ እየተጨመረባቸው ሄደ።

ከዚያም 1604 መጣ። ሮበርት ኮድሪ የሚባል የትምህርት ቤት መምህር በለንደን አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ኮድሪ ቀድሞ ካህን ነበር፤ ጥብቅ ፕሮቴስታንት ወደሆኑት ፒዩሪታኖች ወገን በማዘንበሉ ከሹመቱ ተነሥቷል። መጽሐፉ ለእንግሊዝኛ ብቻ የተዘጋጀ የመጀመሪያው መዝገበ ቃላት ተደርጎ ይቆጠራል። 2,500 ያህል ቃላት ነበሩት፤ አብዛኞቹ ከላቲን፣ ከግሪክና ከፈረንሳይ የመጡ ከባድ ቃላት ናቸው። ፍቻቸውም አንድ ወይም ሁለት ቀላል ተመሳሳይ ቃል ነው። ኮድሪ የጻፈው ስብከት ሰምተው ወይም መጽሐፍ አንብበው ከባድ ቃል ለሚያስቸግራቸው፣ በተለይም የላቲን ትምህርት ለተነፈጋቸው ሴቶች ነበር። እንዲህ ላለ መዝገብ «ራን» ምን ታደርጋለች? አልገባችም። ተከታዮቹም ይህንኑ ልማድ ይዘው አንድ ምዕት ዓመት ያህል ቆዩ።

ልማዱ የተሰበረው በ1702 ነው። የጆን ከርሲ ሥራ እንደሆነ የሚታመነው መዝገበ ቃላት ሰው በየቀኑ የሚናገራቸውን ተራ ቃላት ጭምር አስገባ። 28,000 ያህል ቃላት ይዟል። ለተራዎቹ ቃላት የሰጠው ፍች ግን ለይምሰል ያህል ነበር፤ አንባቢው አስቀድሞ ያውቃቸዋል ብሎ ያመነ ይመስላል። ተራ ቃል በር ላይ ደረሰ እንጂ ገብቶ አልተመረመረም።

መርማሪው በ1709 በሊችፊልድ ከተማ ከመጽሐፍ ነጋዴ ቤት ተወለደ። ሳሙኤል ጆንሰን ይባላል። አንድ ዓይኑ አያይም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ደካማ ነበር፤ ኦክስፎርድ ገብቶም ገንዘብ አጥሮት ትምህርቱን ሳይጨርስ ወጣ። የዚህ ሰው የመጀመሪያ መጽሐፍ ስለ ኢትዮጵያ መሆኑ እኛን ሳይደንቀን አይቀርም። ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ አገራችን መጥቶ ያየውን ጽፎ ነበር። ጆንሰን ይህን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛው ትርጉም ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳተመው።

በ1746 የለንደን መጽሐፍ ነጋዴዎች ማኅበር መሥርተው በ1,500 ጊኒ (የዘመኑ የእንግሊዝ ገንዘብ ነው) መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅላቸው ተዋዋሉት። በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ አለ። የፈረንሳይ አካዳሚ አርባ አባላት ይዞ ለራሱ መዝገበ ቃላት አርባ ዓመት እንደፈጀ ቢነግሩት፣ ሒሳቡን የእንግሊዛዊና የፈረንሳዊ ልዩነት አድርጎ ቀለደበት። ጎፍ ስኩዌር በሚባል አደባባይ በተከራየው ቤት ሰገነት ላይ ስድስት ጸሐፊዎች አስቀመጠ፤ አምስቱ ስኮትላንዳውያን ነበሩ። እሱ መጽሐፍ እያነበበ የሚፈልገውን ቃልና ዐረፍተ ነገሩን በእርሳስ ያሰምራል፤ እነሱ በቁራጭ ወረቀት ይገለብጣሉ። ሥራው በመካከሉ ቆመ፣ እንደገና ተጀመረ። በ1752 ሚስቱ ሞተችበት።

ያስቸገሩት ግን ታላላቆቹ የላቲን ቃላት አልነበሩም። እነሱ አንድ ወይም ሁለት ፍች ይዘው ይመጣሉ፤ ይጻፋሉ፤ ያበቃል። ያደከሙት አጫጭሮቹ ግሶች ናቸው። በመግቢያው ላይ «ራን»ን፣ «ሰት»ን፣ «ጎ»ን፣ «ቴክ»ን፣ «ፑት»ን የመሳሰሉትን ስማቸውን ጠርቶ ፍቻቸው ልቅ በመሆኑ በድንበር ሊከለሉ እንዳልቻሉ በግልጽ አማሯል። ሰው ስለ ቃሉ የሚያስበውን ትቶ ጸሐፊዎች ቃሉን እንዴት እንደተጠቀሙበት በማስረጃ ለየ፤ እያንዳንዱንም ፍች በቁጥር አስቀመጠ። «ቴክ» ለምትባለው ግስ ብቻ 134 ፍች አወጣላት። ኤፕሪል 15 ቀን 1755 መዝገበ ቃላቱ በሁለት ግዙፍ ጥራዝ ወጣ። 42,773 ቃላትና 114,000 ገደማ ጥቅሶች ነበሩት። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት «ማን የማያውቃቸው» የተባሉት ግሶች ከሁሉ የሰፋውን ገጽ ይዘው ተገኙ።

ጆንሰን ወደ ኢትዮጵያም በሐሳቡ ተመልሷል። በ1759 እናቱ ስትሞት የቀብሯን ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች «ራሴላስ»ን ጻፈ። በአማራ ምድር በሚገኝ የተድላ ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶበት የኖረ የኢትዮጵያ ልዑል ታሪክ ነው። መጽሐፉን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ተርጓሚው ፊት የቆመው ችግርም የጆንሰን የራሱ ችግር ነበር፦ የትኛው ቃል በየትኛው ፍቹ?

ጆንሰን የአንዱን ቃል ብዙ ፍች ሲለይ፣ ሌሎች ደግሞ የአንዱን ሐሳብ ብዙ ቃላት መለየት ጀመሩ። ጆን ትራስለር በ1766 ከፈረንሳዊው አባ ዢራር ሥራ ተነሥቶ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያውን የተመሳሳይ ቃላት መጽሐፍ አወጣ። ከእሱ ይልቅ የሚታወሰው በ1794 የወጣው የሄስተር ፒዮዚ ሥራ ነው። ሄስተር የጆንሰን የቅርብ ወዳጅ ነበረች። የቢራ ጠማቂ ሀብታም ሚስት ሳለች ጆንሰን ለብዙ ዓመታት በቤታቸው እንደ ቤተ ዘመድ ኖሯል። ባሏ ሞቶ በ1784 ጣሊያናዊውን የሙዚቃ ሰው ገብርኤል ፒዮዚን ስታገባ ጆንሰን ክፉኛ ተቆጣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሳይታረቁ ሞተ። የፒዮዚ መጽሐፍ በሁለት ጥራዝ ቅርብ ቅርብ የሆኑ ቃላትን እያጣመረ በየትኛው ቦታ የትኛው እንደሚባል ያስረዳል። ከሁሉ በላይ ያሰበችው እንግሊዝኛን ለሚማር ባዕድ ነው፤ ባሏም ባዕድ ነበር። አገሬው በጆሮው የሚለየውን ልዩነት ባዕዱ በመጽሐፍ ካልሆነ የሚያገኝበት መንገድ እንደሌለው ከቤቷ ተምራለች።

ኋላ ቃላትን ሁሉ በሐሳብ የሚደረድረው ፒተር ማርክ ሮጄ በዚያን ጊዜ ገና የዐሥራዎቹ ወጣት ነበር። በ1779 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ከጄኔቫ የመጡ ቄስ ሲሆኑ ልጁ ሕፃን ሳለ ሞቱ። ብላቴናው ከልጅነቱ ጀምሮ ነገሮችን በዝርዝር የመደርደር ልማድ ነበረበት። በ19 ዓመቱ ከኤድንብራ በሕክምና ተመረቀ። በ1803 ሁለት ልጆችን ይዞ ጄኔቫ ላይ ሳለ ናፖሊዮን እንግሊዛውያን ሁሉ እንዲያዙ አዘዘ፤ ሮጄ በአባቱ በኩል የጄኔቫ ተወላጅ መሆኑን አስመስክሮ አመለጠ። ማንችስተር ሐኪም ሆኖ ሲሠራ፣ በ1805 ገደማ፣ ለራሱ መጻፊያ እንዲረዳው ቃላትን በሐሳብ የደረደረባት አንዲት ደብተር አዘጋጀ። ደብተሯ ግማሽ ምዕት ዓመት ከእሱ ጋር ኖረች።

የሮጄ ሕይወት ቀላል አልነበረም። እንደ አባት ያሳደገው አጎቱ፣ ስመ ጥሩው የሕግ ተሐድሶ አራማጅ ሳሙኤል ሮሚሊ፣ በ1818 ሚስቱ በሞተች በጥቂት ቀን ራሱን ገደለ። ሐኪሙ ሮጄ ሊያድነው አልቻለም። ከዚያ በኋላ በሥራ ተጠመደ። በ1824 ዓይን ያየውን ምስል ለቅጽበት እንደሚያቆይ የሚያትት ጽሑፍ አቀረበ፤ ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሳይንስ ማኅበር ጸሐፊ ሆኖም ከ20 ዓመት በላይ አገለገለ። ጡረታ ሲወጣ የድሮዋን ደብተር አወጣና በ1852፣ በ73 ዓመቱ፣ «ቴሶረስ» ብሎ አሳተማት። ስሙ በግሪክ «ግምጃ ቤት» ማለት ነው።

አሠራሩ የመዝገበ ቃላት ተቃራኒ ነው። በመዝገበ ቃላት ቃሉን ይዘህ ሐሳቡን ትፈልጋለህ፤ በሮጄ መጽሐፍ ሐሳቡን ይዘህ ቃሉን ትፈልጋለህ። የሰውን ሐሳብ በሙሉ በስድስት መደብ ከፍሎ በ1,000 አርእስት ዘረዘረው። መደቦቹ ረቂቅ ዝምድና፣ ቦታ፣ ቁስ አካል፣ አእምሮ፣ ፈቃድና ስሜት ናቸው። ተቃራኒ የሆኑ ሐሳቦችን በትይዩ ዓምድ አቆማቸው። አንዲት ቃል ብዙ ፍች ካላት በብዙ አርእስት ሥር ትገባለች፤ ስለዚህ «ራን»ን የሚፈልግ ሰው በመፍሰስም በፍጥነትም ወገን ያገኛታል። ሮጄ በ1869 በ90 ዓመቱ ሲሞት መጽሐፉ በየእንግሊዛዊው ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ልጁ፣ ቀጥሎም የልጅ ልጁ እትሙን እያደሱ ቀጠሉ።

ሮጄ መጽሐፉን ባሳተመ በአምስተኛው ዓመት፣ በ1857፣ ሪቻርድ ትሬንች የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሰው ለለንደኑ የፊሎሎጂ ማኅበር ንግግር አደረገ። ያሉን መዝገበ ቃላት ጎደሎ ናቸው አለ። የእያንዳንዱ ቃል የሕይወት ታሪክ ይጻፍ፤ መቼ እንደተወለደ፣ እያንዳንዱን ፍች መቼ እንዳገኘ፣ የሞተውም መቼ እንደሞተ በጥቅስ ይመስከር አለ። ኋላ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የተባለው ሥራ ከዚህ ተወለደ። የመጀመሪያው አዘጋጅ ኸርበርት ኮልሪጅ 54 ክፍልፋይ ያለው መደርደሪያ ሠርቶ ጀመረና በ1861 በ30 ዓመቱ ሞተ። ተተኪው ፍሬድሪክ ፈርኒቫል ጉልበቱ ብዙ፣ ሥርዓቱ ጥቂት የሆነ ሰው ነበር።

በ1879 ሥራው ለጄምስ ሙሬ ተሰጠ። የስኮትላንድ ልብስ ሰፊ ልጅ፣ በ14 ዓመቱ ከትምህርት ቤት የወጣ፣ ብዙ ቋንቋ በራሱ ጥረት የተማረ መምህር ነበር። የተረከበው ጥቅስ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ሁለት ቶን ያህል ይመዝናል። በአንዱ ጆንያ የሞተ አይጥ፣ በሌላው ልጆቿን ታቅፋ የተኛች አይጥ ተገኘች። አየርላንድ ውስጥ የተቀመጠው የ«ፒ» ፊደል ክፍል ከፊሉ ለእሳት ማያያዣ ሆኗል። ሙሬ በግቢው የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ 1,029 ክፍልፋይ ያለው መደርደሪያ ተከለ። በጋዜጣና በቤተ መጻሕፍት ጥሪ አስተላለፈ፤ ከዓለም ዙሪያ በጎ ፈቃደኞች ጥቅስ መላክ ጀመሩ። ፖስታው ከመብዛቱ የተነሣ የፖስታ መሥሪያ ቤቱ በኦክስፎርድ ቤቱ ደጃፍ ሣጥን ተከለለት። ልጆቹ ለኪስ ገንዘብ ወረቀቱን በፊደል ተራ ይለዩ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ጥቅስ ከላኩት አንዱ፣ አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ዊልያም ማይነር፣ አእምሮው ታውኮ ሰው በመግደሉ ብሮድሙር በተባለው የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ተዘግቶበት የሚኖር ሰው ነበር።

የሙሬም ፈተና የጆንሰን ፈተና ሆነ። ብርቅ ቃል ሦስት ወይም አራት ወረቀት ይዞ ይመጣል። ለተራ ግስ ግን የመጣው ወረቀት ወለል ይሞላል። አዘጋጁ ወረቀቶቹን በጠረጴዛና በወለል ላይ ዘርግቶ በሃያና በሠላሳ ክምር ይከፍላል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል፤ የትኛው ፍች ከየትኛው እንደተወለደ መስመሩ እስኪታየው ድረስ ቀናት ይቆጥራል። በዐሥር ዓመት ያልቃል የተባለው ሥራ በአምስተኛው ዓመት፣ በ1884፣ «አንት» ማለትም ጉንዳን የሚለው ቃል ላይ ነበር። ሙሬ በ1915 በ«ቲ» ፊደል ላይ ሳለ ሞተ። ፍጻሜው 1928 ሆነ፤ ከትሬንች ንግግር 71 ዓመት በኋላ። መዝገቡ 414,825 ቃላትና 1,827,306 ጥቅሶች ነበሩት።

በ1989 ሁለተኛው እትም በ20 ጥራዝ ሲወጣ የፍች ብዛት አክሊሉን የደፋችው «ሰት» ነበረች። በመሠረቱ «አኖረ፣ አስቀመጠ» ማለት ናት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሲሚንቶ ሲደርቅ፣ ገበታ ሲሰናዳ፣ ሰዓት ሲስተካከል ሁሉ ግን እሷው ትባላለች። 430 ፍች ተቆጠረላት፤ ማብራሪያዋ ብቻ 60,000 ቃላት ያህል ፈጀ።

የሮጄና የሙሬ መንገዶችም በመጨረሻ ተገናኙ። በ1965 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማይክል ሳሙኤልስ የኦክስፎርዱን መዝገብ በሙሉ በሐሳብ ደርድሮ፣ ለአንድ ሐሳብ በየዘመኑ የነበሩትን ቃላት በዕድሜያቸው ተራ የሚያሳይ ሥራ ጀመረ። በ1978 ሥራው ያለበት ሕንፃ በእሳት ተያያዘ። ወረቀቶቹ ብረት ሣጥን ውስጥ ስለነበሩ ተረፉ። ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። ክርስቲያን ኬይ የተባለች ምሁር በወጣትነቷ የገባችበት ሥራ በ2009 ሲታተም እሷ ጡረታ ወጥታ ነበር። 44 ዓመት ፈጀ፤ 800,000 የሚጠጉ ፍቾች ያዘ።

በዚህ መካከል ኦክስፎርድ ከ2000 ጀምሮ መዝገቡን ወደ ኢንተርኔት አውጥቶ ቃል በቃል ማደስ ይዟል። የ«ራን» ተራ ሲደርስ ለአዘጋጁ ለፒተር ጊሊቨር ተሰጠችው። ዘጠኝ ወር ወሰደበት። በ2011 ውጤቱ ሲታወቅ ግሷ ብቻዋን 645 ፍች ተገኘላት፤ «ሰት»ንም ከዙፋኗ አወረደቻት። ከዚህ ጭማሪ ብዙውን ያመጣው የማሽን ዘመን ነው። የእንፋሎት ሞተር መጣ፣ «ራን» ተባለለት። ባቡር መጣ፣ ፋብሪካ መጣ፣ በመጨረሻም የኮምፒውተር ፕሮግራም መጣ፤ የሚንቀሳቀስና የሚሠራ አዲስ ነገር በተፈለሰፈ ቁጥር እንግሊዞች አዲስ ግስ አልፈጠሩለትም፤ በእጃቸው ያለችውን ሰጡት።

ይህ ታሪክ እንግሊዝኛ ለሚማርም፣ ከእንግሊዝኛ ለሚተረጉምም አንድ ነገር ያስተምራል። ሰውን የሚያስፈራው ረጅሙ ቃል ነው፤ የሚያሳስተው ግን አጭሩ ነው። ረጅሙን ቃል ስለማታውቀው መዝገብ ትገልጣለህ፤ አጭሩን የምታውቀው ስለሚመስልህ አልፈኸው ትሄዳለህ። ጆንሰንም ሙሬም ጊሊቨርም የአንድን ቃል ፍች ያገኙት በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ጎረቤቶቹን እያዩ እንጂ ቃሉን ብቻውን አቁመው አይደለም። ስለዚህ ልጅህ «ራን ማለት ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅህ «ሮጠ» ብለህ አትሸኘው። «ዐረፍተ ነገሩን አንብብልኝ» በለው።